ቅጠሉን ያራገፈ ጥድ ሁሉ አልደረቀም፦ ስለ ረግረግ ጥድ ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ጣና በሚያዘነብልበት በኩል፣ ከአያታቸው የወረሱት ግቢ አላቸው። በጓሮው ዝቅተኛ ጠርዝ፣ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ቦታ፣ አያታቸው ከሩቅ አስመጥተው እንደተከሉት የሚነገር አንድ ረጅም ዛፍ ቆሟል። ቁመናው ጥድ ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ በየዓመቱም ከኅዳር በኋላ ዝገት መስሎ ይቀላና ይረግፋል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለቆመ ዛፉ ገና በታኅሣሥ ጨርሶ ተራቆተ፤ ታናሽ ወንድማቸውም «ጥድ ቅጠሉን ካራገፈ አበቃለት» ብለው ዛፍ ቆራጭ ቀጥረዋል። ከግንዱ ዙሪያ ደግሞ የታጠፈ ጉልበት የሚመስሉ እንጨታም ጉብታዎች ከመሬት ብቅ ብቅ ብለዋል። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ዛፉ ምን እንደሆነ፣ በሕይወት ካለም ዘሩን ወስደው ከግቢው በታች ባለው ጨፌያቸው ላይ ቢያባዙት ያዋጣ እንደሆነ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቆራጩ ይቅር። ታናሽ ወንድምዎ የተናገሩት ስለምናውቃቸው ዛፎች ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። የሐበሻ ጥድም፣ የፈረንጅ ጥድም፣ ዝግባም ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ሆነው የሚዘልቁ ስለሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ከታየ ሥሩ ወይም ግንዱ ተጎድቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እርስዎ የገለጹልኝ ዛፍ ግን ከጥዶች ቤተሰብ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ኮርች በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ከርሞ እንደገና ከሚያቆጠቁጡት ጥቂት ዛፎች አንዱ ነው። ዝናብ ቀድሞ ሲቆምና መሬቱ ቶሎ ሲደርቅ መርገፉን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ከወትሮው መቅደሙ በሽታን አያመለክትም።

ይህን እኔን አምነው መቀበል የለብዎትም፤ ፍተሻው በእጅዎ ነው። ከሚደርሱበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀንበጥ ይያዙና ቅርፊቱን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ትንሽ ይፋቁት። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ሽፋን ከታየ ቀንበጡ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቀንበጥ ሞቷል። በአንድ ቀንበጥ ብቻ አይፍረዱ፤ ዛፉን ዞረው በሦስት አራት አቅጣጫ ይሞክሩት። ሕያው ቀንበጥ ሲያጎብጡት ይለመጣል፤ የሞተው ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዛፉ በአንድ ወገን ብቻ ደርቆ ቢገኝ እንኳ ያንን ወገን መግረዝ እንጂ ግንዱን መጣል አያስፈልግም።

የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ታክሶዲየም ዲስቲኩም ነው። በአማርኛ የጸና ስም ስለሌለው እኔ «የረግረግ ጥድ» እለዋለሁ። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ፣ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ ረግረጎች ውስጥ ግንዱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይኖራል። ዕድሜው ለማመን ያዳግታል፤ በሰሜን ካሮላይና፣ ብላክ ሪቨር በተባለ ወንዝ ዳር ከቆሙት መካከል የአንዱ የዕድገት ቀለበት በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተቆጥሮ ቢያንስ 2,624 ዓመት እንደሆነው ታውቋል። የቀድሞ የዕፅዋት ሊቃውንት በሌላ ቤተሰብ ይመድቡት ነበር፤ ዛሬ ግን ከሐበሻ ጥድና ከፈረንጅ ጥድ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ስለዚህ በየደብሩ ቅጥር የምናየው ጥድ የሥጋ ዘመዱ ነው ማለት ነው፤ አያትዎ «ጥድ ነው» ብለው ካወረሷችሁ አልተሳሳቱም።

አሁን ወደ መለያው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዛፍ ባልሆነው ስሙ ተጠርቶ ሲቆረጥም ሲተከልም ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዛፉ ሥር ከተነጠፈው ቀይ ብስባሽ አንዱን አንሥተው በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩት። ያነሡት ነገር የዶሮ ላባ ይመስላል፤ መሐል ላይ እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ አለ፤ ከግራና ከቀኙ ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ ተሰድረዋል። «ዲስቲኩም» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙም «በሁለት ረድፍ የተደረደረ» ነው፤ መለያው በስሙ ውስጥ አለ። ልብ ብለው ካዩት የወደቀው ነጠላ ቅጠል አይደለም፤ ቅጠሎቹን እንደያዘ ቀንበጡ ራሱ ነው። ይህ ዛፍ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ከነዘንጋቸው ይጥላቸዋል።

ቀጥሎ ገና ከዛፉ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ይመልከቱ። ላባ መሰሎቹ ቀንበጦች ከዋናው ቅርንጫፍ የሚወጡት ትይዩ ለትይዩ ነው ወይስ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ? ተራ በተራ እየተፈራረቁ ከወጡ የረግረግ ጥድ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከወጡ፣ ቅጠሎቹም እንዲሁ ጥንድ ከሆኑ፣ ዛፉ ሜታሴኮያ የተባለው የቻይና ዘመዱ ነው። ሜታሴኮያም ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ እርጥብ ቦታ የሚወድ፣ ከሩቅ ሲታይ ከዚህ የማይለይ ዛፍ ነው። ታሪኩም የሚደንቅ ነው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ሊቅ ከቅሪተ አካል አጥንቶ ከምድር የጠፋ ዛፍ ነው ብሎ ስም ከሰጠው ብዙም ሳይቆይ በመካከለኛው ቻይና በሕይወት ቆሞ ተገኘ፤ በ1948 እ.ኤ.አ. በይፋ ተመዘገበ። ሁለቱን ያለ ቅጠል መለየት ካስፈለገ ፍሬያቸው ይፈርዳል። የረግረግ ጥድ ፍሬ ክብ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በአጭር እግር ወይም ያለ እግር ከቀንበጥ የተጣበቀ፣ ሲበስልም በእጅ ሲጨመቅ እንደ ደረቅ የጭቃ ድቡልቡል የሚፈራርስ ነው፤ ሲፈራርስም የሚያጣብቅና የሚሸት ሙጫ ጣትዎ ላይ ይተዋል። የሜታሴኮያ ፍሬ ግን በረጅም እግር ይንጠለጠላል፤ ሲደርቅ ይከፈታል እንጂ አይፈራርስም። የፈረንጅ ጥድ ፍሬም እንዲሁ ጠንካራ እንጨት ሆኖ ዓመታት ከዛፉ ላይ ይቆያል።

በጎጃም ምድር ይህን ዛፍ ከሌላ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። በአዊ በኩል በስፋት ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ግራር ላባ መሰል ቅጠል ስላለው ከሩቅ ያሳስታል፤ እርሱ ግን የባቄላ ወገን እንደመሆኑ እሸት መሰል ቆባ ያፈራል፤ ቅጠሉም ደቃቅ ቅንጣት ነው። ሽዋሽዌ በነፋስ ስለሚያፏጭና መርፌ የመሰለ ነገር ስለሚያንጠለጥል «የውኃ ዳር ጥድ» የሚሉት አሉ፤ መርፌ የሚመስለው ግን ቀንበጥ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሲጎትቱት በየመገጣጠሚያው ይለያያል፤ ዛፉም ከጥድ ወገን አይደለም። የዝግባ ችግኝ ቅጠሉ ጠፍጣፋና በሁለት ረድፍ የተደረደረ ስለሚመስል ከሁሉ የበለጠ ያሳስታል፤ ነገር ግን የዝግባ ቅጠል እንደ ቆዳ የወፈረና ጫፉ የሾለ ነው፤ ከነቀንበጡም አይረግፍም። የሐበሻ ጥድ ደግሞ ካደገ በኋላ ቅጠሉ ቅርፊት መሰል ስለሆነ፣ ፍሬውም ጥቁር ሰማያዊ እንክብል ስለሆነ ከዚህ ጋር የሚያጋጨው ነገር የለም።

የጠቀሷቸው ጉብታዎች በእንግሊዝኛም «ጉልበት» ይባላሉ። ከአግድመት ሥሮች ሽቅብ የሚያድጉ ሲሆኑ፣ ውኃ በሚተኛበት ቦታ በብዛት ይወጣሉ፤ በደረቅ መሬት ላይ በቆመ ዛፍ ዙሪያ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይታዩም። ብዙ መጻሕፍት ሥሩ በጭቃ ውስጥ አየር እንዲያገኝ የሚያስተነፍሱት ናቸው ይላሉ፤ ጉልበቶቹ ተቆርጠው ሲሞከር ግን ዛፉ ጉዳት አላሳየም፤ ስለዚህ በለስላሳ ጭቃ ላይ ረጅም ግንድ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ደግፈው የሚይዙ ይሆናሉ የሚለው ሐሳብ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ጉልበቶቹ ግቢዎ በክረምት ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ ይመሰክራሉ፤ የዛፉንም ማንነት ያጠናክራሉ። ሜክሲኮ ውስጥ የሚኖር፣ እርሱም ታክሶዲየም የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ አንዳንድ ሊቃውንት ራሱን የቻለ ዝርያ፣ ሌሎች ደግሞ የዚሁ ዝርያ ልዩ ዓይነት ያደርጉታል። የሜክሲኮው ጉልበት አያወጣም ማለት ይቻላል፤ አሮጌ ቅጠሉንም የሚጥለው አዲሱ ሲመጣ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ራቁቱን አይቀርም። የእርስዎ ዛፍ ሁለቱንም ስለሚያደርግ የአሜሪካው ነው ብዬ እወስዳለሁ።

የሜክሲኮውን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ለጎጃም የሚስማማ ዘር የትኛው ነው ቢሉኝ እርሱን እመርጣለሁ። የሚኖረው በክረምት ዝናብ ዘንቦ በጋው ረጅምና ደረቅ በሆነ ደጋማ አገር ነው፤ ኬክሮሱም ከእኛ ብዙ አይርቅም። ኦሐካ በተባለው ግዛት፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ቱሌ በምትባል ትንሽ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመው አንዱ የግንዱ ዙሪያ መለኪያ ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ወፋፍራም ግንዶች ይህን የሚያህል የለም። ደብሩን ተጠግቶ በማርጀቱ ከእኛ ጥዶች ጋር ዕጣው አንድ ነው። የሆኖ ሆኖ እርስዎ በእጅዎ ያለው የአሜሪካው ስለሆነ ስለ እርሱ ልቀጥል።

ዘር መልቀም የሚጀመረው ፍሬው አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ቡናማ ሲለወጥና ገና ሳይፈራርስ ነው። በትውልድ አገሩ ይህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ እርስዎ ግን የቀን መቁጠሪያውን ሳይሆን የፍሬውን ቀለም ይከተሉ። የለቀሙትን በጥላ ሥር በሰሌን ላይ አስጥተው ሲደርቅ በእጅዎ ያፈራርሱት። ከአንድ ፍሬ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ፣ ቅርጻቸው የማያምር፣ ሦስት ማዕዘን የሚመስሉ ዘሮች ይወጣሉ። ሙጫው እጅ ስለሚይዝ መላቀቁ ያታክታል፤ ቅርፊቱንና ዘሩን ሙሉ በሙሉ መለየት ግዴታ ስላልሆነ እንዲሁ ተደባልቆ ቢዘራ ችግር የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊያሳዝንዎት ይችላል። የመጀመሪያው፣ አንድ ዛፍ ብቻውን ሲቆም ወንዴና ሴቴ አበባው በራሱ ላይ ስለሆነ ከራሱ ጋር ይዳቀላል፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው ዘር ባዶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ባዶውን ከሙሉው ለመለየት በቤታችን የምንጠቀምበት ዘዴ አይሠራም። ባቄላ ወይም አተር ውኃ ውስጥ ስንጨምር የተንሳፈፈውን እንጥላለን፤ የዚህ ዛፍ ዘር ግን በጎርፍ ተንሳፍፎ እንዲሰራጭ የተፈጠረ በመሆኑ ደኅናውም ይንሳፈፋል። ስለዚህ አሥር ያህል ዘር ወስደው በምላጭ ለሁለት ይክፈሏቸው፤ ውስጡ ነጭና ወፍራም ከሆነ ሙሉ ነው፤ ክፍት ወይም የተጨማደደ ከሆነ ባዶ ነው። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ሙሉ ከሆኑ ለአንድ ግቢ የሚበቃ ችግኝ ለማውጣት በቂ ነው፤ ብቻ ብዙ መዝራት ይኖርብዎታል።

ዘሩ ቅዝቃዜን ሳያገኝ በአግባቡ አይበቅልም። በትውልድ አገሩ ክረምቱን በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ያሳልፋል፤ በእኛ አገር ያንን የሚተካው ፍሪጅ ነው። ዘሩን ለሁለት ቀን በውኃ ዘፍዝፈው፣ ውኃውን አንድ ሁለት ጊዜ ቀይረው፣ እፍኝ ተጨብጦ ውኃ በማያንጠባጥብ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀላቅለው፣ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ከሁለት እስከ ሦስት ወር በፍሪጁ ታችኛ ክፍል ያስቀምጡት። ማቀዝቀዣው እንጂ በረዶ የሚሠራው ክፍል አይሁን፤ ሦስት ወይም አምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቱን ከፍተው አየር ያስገቡ፤ አሸዋው ከደረቀ በጥቂቱ ያርጥቡት። በታኅሣሥ የገባ ዘር በመጋቢት ይወጣል፤ ይህም ሙቀቱ የሚጨምርበት ወቅት ስለሆነ ለመብቀሉ ይመቻል። በጥላ ሥር ባለ መደብ ወይም በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው መሬቱ ሳይደርቅ ጠዋትና ማታ ያጠጡ። ሲበቅል ቡቃያው ሁለት ብቻ ሳይሆን ብዙ የመጀመሪያ ቅጠሎች እንደ ኮከብ ዘርግቶ ይወጣል፤ አረም ነው ብሎ የሚነቅለው ሰው እንዳይኖር ቤተሰቡን አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። ሰው «የረግረግ ዛፍ» ሲባል ችግኙን ወስዶ ውኃ ውስጥ መትከል ያለበት ይመስለዋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አስቤ ነበር። አንድ ወቅት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ያገኘኋቸውን የአንድ ዓመት ችግኞች በሐምሌ ዝናብ፣ ውኃ በቋጠረ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተከልኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በመስከረም ስመለስ ውኃው ከጫፋቸው በላይ ተኝቶባቸው ከርሞ አብዛኞቹ ጠቁረው ነበር፤ የተረፉት ጉብታ ላይ የወደቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያደገ የረግረግ ጥድ ግንዱን ለወራት ውኃ ውስጥ ነክሮ መኖር ይችላል፤ ዘሩ ግን በውኃ ሥር አይበቅልም፤ ችግኙም ጫፉ በውኃ ተሸፍኖ ለሳምንታት ከቆየ ይሞታል። በተፈጥሮው የሚራባው ጎርፍ ዘሩን አምጥቶ ከጣለው በኋላ ውኃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ ጭቃ ላይ፣ ያውም ሌላ ጎርፍ ሳይመጣ በፊት ቁመት ማውጣት ከቻለ ነው። በትውልድ አገሩ ረግረጎች እንኳ እንዲህ ያለ ተስማሚ ዓመት በየዓመቱ አይገኝም።

ስለዚህ በጎጃም የዘወትር ልማዳችን የሆነው የሐምሌ ተከላ ለዚህ ዛፍ፣ በተለይም ለእርጥብ ቦታ፣ የሚመከር አይደለም። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። እኔ የምመክርዎት ችግኙን በፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ለአንድ ዓመት፣ ቢቻል ለሁለት ዓመት አሳድገው፣ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ሲደርስ፣ ውኃው ከቦታው ሲሸሽ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ እንዲተክሉት ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ችግኙን የሚያሰጥም ውኃ ግን የለም፤ ሥሩም የሚሸሸውን እርጥበት ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ መንገድ የተተከለ ችግኝ ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ሥር ሰድዶ ይጠብቀዋል። የሚከፍሉት ዋጋ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ማጠጣት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት በጋዎች ይህ ሥራ አይቀርልዎትም። ቦታው በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ አፈሩን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆልለው በቁልሉ ላይ ይትከሉ። ሳር ወይም ገለባ ይጎዝጉዙበት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ይራቅ።

አጥር የማይተው ጉዳይ ነው። በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ ወደ እርጥቡ ጨፌ ስለሚወርድ የመጀመሪያው ጠላት ድርቅ ሳይሆን ኮቴ ነው፤ አንድ በሬ በእርጥብ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ከረገጠው ችግኙ ከሥሩ ተነቅሎ ይቀራል። እያንዳንዱን ችግኝ ቢያንስ አንድ ሜትር ራዲየስ ባለው እሾህ ይጠሩለት።

ስለ አፈሩ ብዙ አያስቡ። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ በአፈሩ አሲዳማነት ሲያማርርና ኖራ ሲበትን እናውቃለን፤ ለዚህ ዛፍ ግን አሲዳማ አፈር ይስማማዋል። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፤ አፈሩ ኖራማ ከሆነ ብረት መውሰድ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይቀጭጫል። ስለዚህ ሲሚንቶ በተቦካበት፣ የኖራ ቅብ በታጠበበት ወይም ከግንባታ የተረፈ ፍርስራሽ በተደፋበት ጥግ አይትከሉት። ዋልካ አፈር አይጎዳውም። ብርድም አያሠጋውም፤ በአገሩ ውርጭና በረዶ ይችላል። የሚያዘገየው የሙቀት ማነስ ነው፤ በጣና ዙሪያ ባለው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ዕድገቱ ደኅና ይሆናል፤ ከደብረ ማርቆስ በላይ ወደ ጮቄ ሲወጣ ግን ሳይሞት ዝግ ብሎ ይኖራል እንጂ አያስደስትም። በሚስማማው ቦታ በወጣትነቱ በዓመት ከሠላሳ እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ባሕር ዛፍን እያዩ ላደጉ ዓይኖች ይህ ቀርፋፋ ነው፤ ለማገርና ለወጋግራ ብሎ የሚተክለው ሰው ካለ ይተወው።

የጨፌውን ነገር ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት፤ መልሴ እንደማይጥምዎት አውቃለሁና። ጨፌው ላይ አያባዙት። ደንገልና ፊላ የበቀለበት፣ በበጋ ለከብት ሳር የሚሰጥ፣ ክረምት ጎርፉን ይዞ ደለሉን አስቀርቶ ወደ ጣና የተጣራ ውኃ የሚለቅ መሬት ዛፍ የጎደለው ባዶ መሬት አይደለም። ዛፍ ሲቆምበት ጥላው ሳሩንና ደንገሉን ያዳክመዋል፤ የቅጠሉ ብስባሽም በላዩ ይከማቻል። ረግረጉን ለማድረቅ ተብሎ ባሕር ዛፍ በተተከለበት ቦታ ምንጭ እንደሸሸ በየቀበሌው የሚነገረውን እርስዎም ሰምተዋል። የረግረግ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ነው አልልም፤ ነገር ግን እንግዳ ዛፍ ነው፤ ያውም ዘሩ በውኃ የሚንሳፈፍ። በጣና ላይ እንቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ የሆነውን ላየ ሰው፣ በውኃ የሚጓዝ እንግዳ ዘር በሐይቁ ዳር በብዛት መትከል ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው። ይህ ዛፍ ከላይ እንዳልኩት በውኃ ሥር ስለማይበቅል እንደ እንቦጭ የሚያሠጋ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ጣና የጠየቀው ዛፍ ስላልሆነ እኔ በበኩሌ ለሐይቁ ዳር አልመክረውም።

የጨፌውን ጠርዝና የወንዙን ዳር በዛፍ ማስያዝ ከፈለጉ የአገሩ ዛፍ አለልዎት። አኻያ ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ቅርንጫፉን ብቻ በእርጥብ መሬት ቢወጉት ይይዛል፤ ዶቅማ እርጥቡን ይወዳል፣ ለንብም ለልጆችም ፍሬና አበባ ይሰጣል፤ ትንሽ ከፍ ባለው ደረቅ ጠርዝ ላይ ሾላ ሊቆም ይችላል። እነዚህ ከጨፌው ጋር አብረው የኖሩ ናቸው።

ለረግረግ ጥዱ ግን በግቢዎ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ አይጠፋም። ከጣራ የሚወርደው ውኃ የሚጠራቀምበት ጥግ፣ ቦዩ ከግቢው የሚወጣበት በኩል፣ ሌላ ዛፍ እምቢ ያለበት ክረምት ጭቃ የሚሆን ዝቅተኛ ቦታ ይመቸዋል። ከቤቱ መሠረትና ከአጥር ግንብ ቢያንስ ስምንት ሜትር ያርቁት፤ ካደገ ሃያና ሠላሳ ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፤ ግንዱም ከሥሩ እየሰፋ እንደ ተገለበጠ ሙቀጫ ይሆናል። ሰው በሚመላለስበት መንገድ አጠገብ አይትከሉት፤ ጉልበቶቹ በሣር ውስጥ ተደብቀው እግር ያሰናክላሉ። በአያትዎ ዛፍ ዙሪያ ካሉት መካከል መንገድ የዘጋ ካለ አንዱን ከመሬት እኩል ቢቆርጡት ዛፉ አይሞትም፤ ሁሉንም ማጭድ እንደገባበት ማሳ ማጨድ ግን ምክንያት የለውም። ዋናውን ጫፉን አይቁረጡት፤ ታችኛዎቹ ቅርንጫፎች እያደር በራሳቸው ይደርቃሉ፤ የደረቁትን ብቻ ራቁቱን ባለበት ወቅት ከግንዱ አንገት ሳያልፉ ይግረዙ።

የዘንድሮውን ፍሬ ለመልቀም አሁንም አልረፈደም፤ ጨርሶ ካልፈራረሰ ከዛፉ ሥርና ከዝቅተኛ ቅርንጫፎች ይሰብስቡ። ሙሉ ዘር ካጡበት አይዘኑ፤ በመጋቢት አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ከወጣት ቅርንጫፍ ጫፍ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቀንበጥ ቆርጠው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በጥላ ሥር ይሞክሩ። ካረጀ ዛፍ የተወሰደ ቀንበጥ ሥር ለማውጣት ስለሚያስቸግር ሃያ ያህል ቢተክሉ ጥቂቱ ቢይዝ ነው። እነዚያ ከያዙ ግን ከአያትዎ ዛፍ ምንም የማይለዩ ይሆናሉ። ታናሽ ወንድምዎም የቀንበጡን ቅርፊት በገዛ ጥፍራቸው ፍቀው አረንጓዴውን ይዩት፤ ቆራጩን ለማሰናበት ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እርሱ ይቀላል።